ዶክተር ሃርቪ ዋይሊ፡- ሕጉን አስወጥተው በአፈጻጸሙ የተፈተኑት ኬሚስት

በለስላሳ መጠጥ ወይም በካችአፕ ጠርሙስ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ሶዲየም ቤንዞኤት የሚል ስም ማንበብ የተለመደ ነው። ምግቡ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ይህ ንጥረ ነገር ምን ያህል ቢሆን በጤና ላይ ጉዳት እንደማያደርስ የሚወስን የመንግሥት አካል መኖሩም በአሁኑ ወቅት እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ይኸው ጥያቄ በአሜሪካ አንድን ፕሬዚዳንትና አንድን ሚኒስትር ከራሳቸው ዋና ኬሚስት ጋር እስከ ማጋጨት ደርሶ ነበር። ኬሚስቱ ዶክተር ሃርቪ ዋሽንግተን ዋይሊ ይባሉ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋይሊ የተወለዱት ኦክቶበር 18 ቀን 1844 በኢንዲያና ግዛት፣ ኬንት በምትባል መንደር አቅራቢያ በሚገኝ ከግንድ በተሠራ የገበሬ ቤት ውስጥ ነው። አባታቸው ፕሬስተን ዋይሊ አርሶ አደርና ሰባኪ ሲሆኑ፣ ከደቡብ ግዛቶች አምልጠው ወደ ሰሜን የሚሸሹ በባርነት የተያዙ ሰዎችን በስውር ከሚያሸጋግሩት መካከል አንዱ ነበሩ። ልጃቸውም በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት በ1864 በሰሜኑ ጦር ውስጥ ለጥቂት ወራት አገልግለዋል። ከዚያም በሃኖቨር ኮሌጅ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1871 በሕክምና በዶክተርነት ተመረቁ። ይሁን እንጂ በሐኪምነት አልሠሩም። ፊታቸውን ወደ ኬሚስትሪ አዙረው ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1873 በሙያው ዲግሪ ከያዙ በኋላ፣ አዲስ በተከፈተው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነው ተቀጠሩ።

በፐርዱ የነበራቸው ቆይታ የሰውየውን ጠባይ ያሳያል። ዋይሊ በከተማው ብርቅ የነበረውን ፊተኛው ጎማው ትልቅ የሆነውን ብስክሌት ገዝተው በአጭር ሱሪ እየነዱ ወደ ማስተማሪያ ክፍላቸው ይመላለሱ፣ ከተማሪዎቻቸውም ጋር ቤዝቦል ይጫወቱ ነበር። የዩኒቨርሲቲው የቦርድ አባላት ይህ ከፕሮፌሰር የማይጠበቅ ነው ሲሉ አስጠርተው ገሠጿቸው። እርሳቸውም የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን ጽፈው አቀረቡ፤ ቦርዱ ግን ደብዳቤውን ሳይቀበል ቀረ። ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ለሌላ አለቃ ያቀረቡት የመልቀቂያ ደብዳቤ ግን ወዲያውኑ ተቀባይነት ማግኘቱን ከታች እናያለን።

በ1878 ወደ ጀርመን አቅንተው በበርሊን የታዋቂውን ኬሚስት የሆፍማንን ትምህርት ተከታተሉ። በንጉሠ ነገሥታዊው የምግብ ምርመራ ቤተ ሙከራም ሠሩ። በብርሃን አማካይነት የስኳርን ዓይነትና መጠን በሚለየው መሣሪያ መጠቀምን የተማሩት በዚያ ነበር። ወደ ኢንዲያና ሲመለሱ የግዛቲቱ ጤና ቦርድ በገበያ የሚሸጡ ሽሮፖችንና ማርን እንዲመረምሩ ጠየቃቸው። በውጤቱም ብዙዎቹ ከበቆሎ በተሠራ ርካሽ ግሉኮስ የተቀላቀሉ ሆነው አገኟቸው። እዚህ ላይ ዋይሊ የፈጸሙት አንድ ስህተት አለ። በ1881 ለአንድ መጽሔት በጻፉት ጽሑፍ ውስጥ፣ የማር እንጀራ ሳይቀር ከፓራፊን እየተሠራ በግሉኮስ ይሞላል ብለው ለቀልድ ያህል ጣል አደረጉ። ቀልዱ በየጋዜጣው እንደ እውነት ተባዛ፤ ንብ አርቢዎችም ለብዙ ዓመታት የዋይሊ ውሸት እያሉ ሲያነሡባቸው ኖሩ። የመንግሥት ባለሙያ በጽሑፍ ላይ የሚቀልደው ቀልድ ዋጋ እንደሚያስከፍል የተማሩት ቀደም ብለው ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ባይገባቸውም።

በ1883 የግብርና መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጆርጅ ሎሪንግ ዋይሊን ዋና ኬሚስት አድርገው ወደ ዋሽንግተን አመጧቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው ከማሽላ አገዳ ስኳር ማምረት ያዋጣ እንደሆነ ማጥናት ነበር። የምግብ ጉዳይ ግን ብዙም ሳይቆይ የቢሮውን ሥራ ያዘው።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ከተሞች ምግብ ከአርሶ አደሩ ማሳ ርቆ በፋብሪካ የሚያልፍበትና በባቡር ረጅም መንገድ የሚጓዝበት ዘመን ላይ ደርሰው ነበር። ማቀዝቀዣ እንደ ዛሬው አልተስፋፋም። ወተት እንዳይጎመዝዝ ፎርማሊን፣ ሥጋና ቅቤ እንዳይሸት ቦራክስ፣ የታሸገ አተር አረንጓዴነቱን እንዳያጣ የመዳብ ሰልፌት ይጨመርበት ነበር። ሸማቹ የሚገዛው ምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ምክንያቱም የተጨመረውን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አምራቹን የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ስላልነበረ ነው። አንዳንድ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ ቢኖራቸውም፣ በአንዱ ግዛት የተከለከለው በሌላው ተመርቶ ድንበር ተሻግሮ ይገባል።

ዋይሊ በ1887 የጀመሩትን የምርመራ ዘገባ እስከ 1902 ድረስ በአሥር ክፍሎች አሳተሙ። ከወተት ተዋጽኦ ጀምሮ ቅመማ ቅመምን፣ አልኮል መጠጦችን፣ ስብን፣ ስኳርና ማርን፣ ሻይና ቡናን፣ የታሸጉ አትክልቶችንና ሥጋን አንድ በአንድ ይመረምራል። ከዚህ ጎን ለጎን በ1884 ከሌሎች የግዛት ኬሚስቶች ጋር ሆነው አንድ የሙያ ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ዓላማ በየቤተ ሙከራው የሚሠራበትን የመመርመሪያ ዘዴ አንድ ዓይነት ማድረግ ነበር። ጉዳዩ ቴክኒካዊ ቢመስልም ፋይዳው ትልቅ ነው፤ ሁለት ቤተ ሙከራዎች ለአንድ ናሙና ሁለት የተለያየ ውጤት ካወጡ በፍርድ ቤት የሚጸና ማስረጃ አይኖርምና። ከዋይሊ ሥራዎች ሁሉ ያለ ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ የዘለቀው ምናልባት ይኸው ነው።

ይሁንና ባዕድ ነገር መቀላቀሉን ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ የተቀላቀለው ነገር ጤናን እንደሚጎዳ ማሳየት ደግሞ ሌላ። የማቆያ ኬሚካል አምራቾች ቦራክስ ማንንም እንዳልገደለ ይከራከሩ ነበር። በ1902 ኮንግረስ ይህንን የሚያጠና የ5 ሺህ ዶላር በጀት ፈቀደ። ዋይሊም ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መካከል 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃደኝነት መለመሉ። በቢሮው ሕንፃ ምድር ቤት ወጥ ቤትና የመመገቢያ ክፍል ተዘጋጀ። ሙከራው የተጀመረው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው።

ወጣቶቹ በቀን ሦስት ጊዜ በነጻ ይመገባሉ፤ ተጨማሪ ክፍያ ግን የላቸውም። ከተፈቀደላቸው ገበታ ውጭ ምንም እንዳይበሉ ቃል ገብተዋል። ሞትን ጨምሮ ለሚደርስባቸው ጉዳት መንግሥትን ላለመክሰስም ፈርመዋል። ከመመገባቸው በፊት ክብደታቸው፣ የሰውነታቸው ሙቀትና የልብ ምታቸው ይመዘገባል፤ ሽንታቸውና ዓይነ ምድራቸው ሳይቀር ተሰብስቦ ይመረመራል። መጀመሪያ ላይ ቦራክሱ በቅቤ ውስጥ ተደብቆ ይቀርብ ነበር። ወጣቶቹ ይህን ሲደርሱበት ቅቤውን መተው ጀመሩ። ወደ ወተት፣ ወደ ሥጋና ወደ ቡና ቢዛወርም ውጤቱ ያው ሆነ፤ ተመጋቢዎቹ የተጠረጠረውን ምግብ እየዘለሉ አስቸገሩ። በመጨረሻ ዋይሊ ምስጢሩን ትተው ኬሚካሉን በካፕሱል በግልጽ ከምግቡ ጋር ማቅረብን መረጡ።

የመጠኑ ጭማሪ ሲቀጥል ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ታየ። ከቦራክስ በኋላ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሰልፋይት፣ ቤንዞኤት፣ ፎርማሊን፣ የመዳብ ሰልፌትና ጨው ፒተር በየተራ ተሞከሩ። ሙከራው በጠቅላላው አምስት ዓመታት ያህል ፈጅቷል።

ዋይሊ በመጀመሪያ ሠራተኞቻቸው ለጋዜጠኞች እንዳይናገሩ ከልክለው ነበር። የዋሽንግተን ፖስት ወጣት ዘጋቢ ጆርጅ ሮዝዌል ብራውን ግን በምድር ቤቱ መስኮት ዙሪያ እየተመላለሰ ወሬ ከማጠናቀር አልቦዘነም። መረጃ ሲያጣ ይፈጥር ነበር፤ ቦራክስ የበሉት ወጣቶች ቆዳቸው ወደ ሮዝ ቀለም ተለውጧል የሚል ዘገባ ወጥቶ፣ መሥሪያ ቤቱ የውበት ምሥጢሩን ከሚጠይቁ ሴቶች ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር። ጋዜጦች ለቡድኑ የመርዝ ጓድ የሚል ስም አወጡለት፤ በየቲያትር ቤቱም ዘፈን ተዘፈነበት። ዋይሊ ሁኔታውን ሲያጤኑ ማስታወቂያው ከጉዳቱ ይልቅ ጥቅሙ እንደሚያመዝን ተረዱ። አሥር ክፍል የሚሞላው የቀደመው ዘገባ ያልደረሰበትን ሕዝብ፣ የአሥራ ሁለት ወጣቶች ራት ደርሶበታልና።

ሙከራው በዛሬ መመዘኛ ሲታይ ጉድለቶች ነበሩበት። ኬሚካሉን ያልወሰደ ለንጽጽር የሚቀርብ ሌላ ቡድን አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚነጻጸረው ኬሚካሉን ከመውሰዱ በፊትና በኋላ ከነበረው ከራሱ ሁኔታ ጋር ነበር። መርዝ እየበላ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሆዱን ቢያመው አይገርምም። ዋይሊ ለዚህ የሚሰጡት መከራከሪያ ነበራቸው፤ ጠንካራ ወጣት ከታመመ ሕፃን፣ አዛውንትና ሕመምተኛ ይበልጥ ይጎዳሉ የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ከእርሳቸው በኋላ በመጡ የቁጥጥር አሠራሮች ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

ከ1879 ጀምሮ ከመቶ በላይ የምግብ ሕግ ረቂቆች ለኮንግረስ ቀርበው ከሽፈው ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ግፊቱ ከብዙ አቅጣጫ መጣ። በመላ አገሪቱ የተደራጁ የሴቶች ማኅበራት፣ በተለይም አሊስ ሌኪን የመሳሰሉ አስተባባሪዎች፣ ለእንደራሴዎች ደብዳቤ በማጻፍ ትልቅ ሚና ተጫውተዋል። ከአምራቾችም መካከል የሃይንዝ ኩባንያ ከሌሎቹ ተለይቶ በበሰለ ቲማቲም፣ በብዙ ኮምጣጤና ስኳር ያለ ቤንዞኤት ካችአፕ መሥራት እንደሚቻል በተግባር አሳየ። በ1906 መጀመሪያ ላይ አፕተን ሲንክሌር ስለ ቺካጎ ቄራዎች የጻፈው ዘ ጀንግል የተሰኘው ልብ ወለድ ታትሞ ሕዝቡን ሲያስቆጣ የቀረው ተቃውሞ ላላ። ረቂቁ በሴኔት በ63 ድጋፍና በ4 ተቃውሞ፣ በተወካዮች ምክር ቤት በ241 ድጋፍና በ17 ተቃውሞ አለፈ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጁን 30 ቀን 1906 ፈረሙት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1907 ጀምሮ የሚጸናውን ሕግ የማስፈጸም ሥራ ለዋይሊ ቢሮ ተሰጠ።

ሕጉን ያስወጡት ሰዎች ደስታ ከፍተኛ ነበር። የሕጉ አንቀጾች ግን በጥሞና ሲነበቡ የሚጎድላቸው ነበር። ለጤና ጎጂ ሊያደርግ የሚችል መርዛማ ወይም ጎጂ ነገር የተጨመረበትን ምግብ ከግዛት ወደ ግዛት ማጓጓዝ ተከልክሏል፤ ነገር ግን አምራቹ አዲስ ኬሚካል ከመጠቀሙ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ አንቀጽ የለም። ማንኛውም ነገር ይጨመራል፣ ይሸጣል፣ ይበላል፤ ጎጂነቱን ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስረዳት የመንግሥት ፋንታ ነው። መንግሥት የምግብ ደረጃ አውጥቶ በሕግ የሚያስከብርበት ሥልጣንም አልተሰጠውም። ከግዛት ወደ ግዛት ላጓጓዘ ጥፋተኛ የመጀመሪያው ቅጣት ከ200 ዶላር አይበልጥም ነበር።

ዋይሊ ይህን ክፍተት በራሳቸው አቋም ሊሞሉት ፈለጉ። ለምግብ የማያስፈልግ ኬሚካል በምንም መጠን አይጨመር የሚል ነበር አቋማቸው። የግብርና ሚኒስትሩ ጄምስ ዊልሰን በበኩላቸው ለአርሶ አደሩና ለአምራቹ ገበያ ኃላፊነት ያለባቸው ሰው ነበሩ። ሁለቱም ለያዙት ሥራ ታማኝ ነበሩ ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም፤ ችግሩ ሁለቱን የተለያዩ ሥራዎች አንድ መሥሪያ ቤት መያዙ ላይ ነበር።

ገና በ1907 ሚኒስትሩ በዋይሊ ቢሮ ላይ ሦስት አባላት ያሉት የምግብና መድኃኒት ምርመራ ቦርድ አቋቋሙ። ዋይሊ ሊቀመንበር ቢሆኑም፣ ሌሎቹ ሁለቱ አባላት ማለትም ኬሚስቱ ፍሬድሪክ ደንላፕና የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ኃላፊ ጆርጅ ማኬብ በአብዛኛው ከእርሳቸው ተቃራኒ ድምፅ ይሰጡ ነበር። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ የደረቅ ፍራፍሬ አምራቾች በድኝ ጢስ የሚታጠን ፍሬ ላይ የተጣለው ገደብ ምርታቸውን እንደሚያከስር አቤት አሉ። ሚኒስትሩ ወደዚያው ተጉዘው ካነጋገሯቸው በኋላ ገደቡ ተግባራዊ ሳይሆን ቆየ።

ከሁሉ የከፋው ግን በ1908 መጀመሪያ በዋይት ሐውስ የሆነው ነው። ዋይሊ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ እንደተረኩት፣ የምግብ አሻጊዎች በቤንዞኤትና በሳካሪን ጉዳይ ለፕሬዚዳንቱ አቤቱታ ያቀርቡ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በቤንዞኤት ላይ የዋይሊን ምስክርነት ከሰሙ በኋላ ወደ እርሳቸው ማዘንበላቸው ታየ። በዚህ መካከል የኮንግረስ አባሉ ጄምስ ሸርማን፣ ድርጅታቸው የታሸገ በቆሎን በስኳር ፈንታ በሳካሪን በማጣፈጥ በዓመት 4 ሺህ ዶላር መቆጠቡን አስረዱ። ዋይሊ ተራቸውን ሳይጠብቁ ጣልቃ ገቡ፤ በቆሎውን የበላ ሁሉ የተታለለ መሆኑንና ሳካሪን የድንጋይ ከሰል ቅጥራን ውጤት እንደሆነ፣ ለጤናም እጅግ ጎጂ መሆኑን ተናገሩ። ፕሬዚዳንቱ ተቆጡ። ሩዝቬልት በሐኪማቸው ትእዛዝ ሳካሪን በየቀኑ የሚወስዱ ሰው ነበሩ፤ ሳካሪን ጎጂ ነው የሚል ሰው ሞኝ መሆኑን በግልጽ ነግረዋቸው ስብሰባው አበቃ።

ብዙም ሳይቆይ ፕሬዚዳንቱ አጨቃጫቂ የሆኑ ኬሚካሎችን የሚዳኝ የሳይንቲስቶች ቦርድ እንዲቋቋም አደረጉ። ሰብሳቢው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት አይራ ሬምሰን ነበሩ፤ ሳካሪን በ1879 የተገኘው በእርሳቸው ቤተ ሙከራ ነው። ቦርዱ በ1909 ባወጣው ዘገባ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የተደረገውን ሙከራ መሠረት አድርጎ፣ በቀን ከግማሽ ግራም በታች የሆነ ሶዲየም ቤንዞኤት ጉዳት እንደማያስከትል አስታወቀ። መሥሪያ ቤቱም መጠኑ በማሸጊያው ላይ እስከ ተገለጸ ድረስ ፈቀደው። ዋይሊ ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት። ይሁንና የቦርዱ አባላት የተከበሩ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ጥያቄውም ተገቢ ነበር፤ የአንድ ነገር መርዛማነት በመጠኑ ይወሰናል ወይስ አይወሰንም? በሳካሪን ላይ ደግሞ የቦርዱ ውሳኔ ያልተጠበቀ ሆነ። ከፍ ባለ መጠን የምግብ መፈጨትን ሊያውክ እንደሚችል፣ በስኳር ፈንታ ሲገባም የምግቡን ዋጋ እንደሚቀንስ በመታመኑ፣ ከ1912 ጀምሮ በተራ ምግብ ውስጥ እንዳይጨመር ተከለከለ። ዋይሊ በዋይት ሐውስ የተሸነፉበትን ክርክር በተቀናቃኞቻቸው ዘገባ አሸነፉ ማለት ነው።

በዚህ መሀል ኃይላቸውን የበተኑባቸው ጉዳዮችም ነበሩ። እውነተኛ ውስኪ የትኛው ነው በሚለው ላይ ዓመታት የፈጀ ሙግት ገጠሙ፤ በ1909 ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት ከእርሳቸው የተለየ ውሳኔ ሰጡ። በዚያው ዓመት ከአትላንታ ወደ ቻታኑጋ የተላከ 40 በርሜልና 20 አነስተኛ በርሜል የኮካ ኮላ ሽሮፕ በካፌይኑ ምክንያት በመንግሥት ተያዘ። ካፌይን ከፎርማሊን እኩል ጊዜና ገንዘብ ይገባው ነበር ወይ የሚለው አጠያያቂ ነው።

በ1911 ጠላቶቻቸው ቀዳዳ አገኙ። ቀዳዳው ከሳይንስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ የክፍያ ጉዳይ ነበር። ቢሮው በፍርድ ቤት የሚመሰክሩለት ባለሙያዎች ያስፈልጉት ነበር። ሕጉ ግን ለባለሙያ በቀን ከ9 ዶላር በላይ እንዳይከፈል ይወስናል፤ በዚህ ዋጋ ደግሞ ስም ያለው ምሁር አይገኝም። በመድኃኒት ዕፅዋት የታወቁት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሄንሪ ረስቢ በዓመት 1 ሺህ 600 ዶላር እንዲቀጠሩና የተወሰኑ ቀናት ብቻ እንዲሠሩ ስምምነት ተደረገ። የመሥሪያ ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይህን ሕግን ለማምለጥ የተደረገ መመሳጠር ነው አለው። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆርጅ ዊከርሻም ዋይሊ ሥራቸውን እንዲለቁ ሐሳብ አቀረቡ።

ወሬው በጁላይ ለጋዜጦች ሲደርስ የተነሣው የሕዝብ ቁጣ ከሳሾቹን አስደነገጠ። የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ምርመራ ጀመረ፤ ምርመራው ከክፍያው ይልቅ ወደ መሥሪያ ቤቱ አሠራር አምርቶ፣ የኬሚስትሪ ቢሮው ውሳኔዎች በማን እጅ እንደሚታገዱ በይፋ ተነገረ። ፕሬዚዳንት ታፍት በሴፕቴምበር ዋይሊን ከክሱ ነጻ አደረጓቸው። ነገር ግን ከነጻ መውጣቱ በኋላም ቦርዱ በቦታው ነበር፤ ሚኒስትሩም በቦታቸው ነበሩ። ዋይሊ ማርች 15 ቀን 1912፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከ29 ዓመታት አገልግሎት በኋላ የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን አቀረቡ። ሚኒስትሩ ዊልሰን እንዲቆዩ አልለመኗቸውም።

የግል ሕይወታቸው ከሥራቸው ዘግይቶ የመጣ ነበር። በ1911፣ በ66 ዓመታቸው፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ትሠራ የነበረችውን አና ኬልተንን አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ወይዘሮ አና ለሴቶች የመምረጥ መብት ከታገሉት አንዷ ስትሆን፣ በ1917 በዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ከተሰለፉትና ከታሰሩት መካከል ነበረች። ዋይሊ ከመንግሥት ሥራ እንደወጡ ጉድ ሃውስኪፒንግ በተባለው መጽሔት የምግብና የጤና ክፍል ኃላፊ ሆነው ሕይወታቸው እስካለፈ ድረስ ሠርተዋል። በቤተ ሙከራቸው ያላለፈ የምግብ ሸቀጥ በመጽሔቱ ላይ እንዳይተዋወቅ ማድረግ ይችሉ ነበር፤ በመንግሥት ወንበር ላይ ያልነበራቸው ሥልጣን ነው።

ሕጉም ያለ እርሳቸው በፍርድ ቤት መፈተኑን ቀጠለ። በ1914 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጋዝ የነጣ ዱቄትን በሚመለከት በሌክሲንግተን ወፍጮ ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። ፍርድ ቤቱ ጎጂ ነገር መጨመሩ ብቻውን አይበቃም፤ ምግቡ ጤናን ሊጎዳ የሚችል መሆኑን መንግሥት ማስረዳት አለበት አለ። በሌላ በኩል ሊጎዳ የሚችል የሚለው ቃል ጤነኛውን ብቻ ሳይሆን ሕፃኑን፣ አዛውንቱንና ሕመምተኛውንም እንደሚመለከት ገለጸ። ሁለቱም ወገኖች አሸነፍን ያሉበት ውሳኔ ነው። በተግባር ግን ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተለየ ክስ፣ የተለየ ሙከራና የተለየ ምስክር ማስፈለጉ የቢሮውን አቅም ተፈታተነ። የኮካ ኮላው ጉዳይ በ1916 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ለመንግሥት ተወሰነ፤ ከዚያም ኩባንያው የካፌይኑን መጠን በግማሽ ቀንሶ ክርክሩ በስምምነት ተዘጋ።

በ1929 ዋይሊ የምግብ ሕጉ ላይ ተፈጸመ ያሉትን ወንጀል የሚዘረዝር መጽሐፍ በራሳቸው ወጪ አሳተሙ። መጽሐፉ ምሬት የበዛበት ከመሆኑም በላይ ለተቃራኒ ወገን ቦታ አይሰጥም፤ በያዙት ሰነዶች ግን እስካሁን ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ዋይሊ ያረፉት ጁን 30 ቀን 1930 ነው፤ ሕጉ የተፈረመበት 24ኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት መሆኑ ነው። በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበሩ። በሚቀጥለው ወር ሕጉን የሚያስፈጽመው አካል የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚል ስያሜ ያዘ። በ1956 ደግሞ ለሕጉ 50ኛ ዓመት መታሰቢያ በምስላቸው የ3 ሳንቲም ቴምብር ታተመላቸው።

በ1937 መርዛማ ማሟሚያ የተጨመረበት መድኃኒት ከመቶ በላይ ሰዎችን ከገደለ በኋላ፣ በ1938 የወጣው አዲስ ሕግ መንግሥት የምግብ ደረጃ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጠው። ምግብ ላይ የሚጨመሩ ኬሚካሎችን በተመለከተ ግን የማስረዳት ሸክሙ ከመንግሥት ወደ አምራቹ የዞረው በ1958 ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ንጥረ ነገር ለመጨመር የሚፈልግ አምራች ደኅንነቱን አስቀድሞ ማስረዳት አለበት፤ በሰው ወይም በእንስሳ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጨርሶ አይፈቀድም። ለረጅም ዘመን በጥቅም ላይ የቆዩና በባለሙያዎች ዘንድ ደኅንነታቸው የታመነባቸው ከዚህ ግዴታ ውጭ ተደርገዋል፤ ይህም የራሱ ክርክር አላጣም። በዓለም አቀፍ ደረጃ የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ1956 ያቋቋሙት የባለሙያዎች ኮሚቴ፣ ሰው በየቀኑ ዕድሜውን ሙሉ ቢወስደው ጉዳት የማያመጣበትን መጠን ይወስናል፤ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የኮዴክስ ኮሚሽን ደረጃዎቹን የሚያወጣው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው።

በምድር ቤቱ ገበታ ከቀረቡት ኬሚካሎች መካከል ቦራክስ፣ ሳሊሲሊክ አሲድና ፎርማሊን በአሜሪካ ምግብን ለማቆየት አይፈቀዱም። ሶዲየም ቤንዞኤት እስከ 0.1 በመቶ ይፈቀዳል። ሳካሪን በ1977 በአይጥ ላይ በታየ ውጤት ምክንያት ሊታገድ ሲል ኮንግረስ እገዳውን አዘገየው፤ በ2000 ከተጠርጣሪ የካንሰር አምጪዎች ዝርዝር ወጣ። የካሊፎርኒያ አምራቾች አቤት ያሉበት ሰልፋይት ደግሞ በአስም ሕመምተኞች ላይ ሞት ማስከተሉ ከታወቀ በኋላ በ1986 በጥሬው በሚቀርቡ ፍራፍሬና አትክልቶች ላይ ተከለከለ፤ በደረቅ ፍራፍሬ ላይ ግን ስሙ በማሸጊያው ላይ ተጽፎ አሁንም ይሸጣል።